የመምህርት ለምለም ደብዛዛ ብልቃጥ

ቆቦ ላይ ወሬ የሚሳፈረው ባጃጅ ነው። የመምህርት ለምለም ባል ታረቀኝ የባጃጅ ሹፌር ስለሆነ፣ ሚስቱ መጠጥ ጀመረች የሚለውን ወሬ ከአገሩ ሁሉ ቀድሞ የሰማው እሱ ነው። ከኋላው የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ሹፌሩ ማን እንደሆነ አላወቁም።

«የኬሚስትሪ አስተማሪዋ ለካ ትጠጣለች» አለች አንደኛዋ።

«በሁዳዴ?»

«በሁዳዴ እንጂ። ተራውን አረቄ እንዳይመስልሽ፤ ዳግሙን ነው የምትወስደው።»

ታረቀኝ ሳቁን ውጦ መሪውን ያዘ። ገበያው ዳር ሲያወርዳቸው ግን አላስቻለውም፤ «ሰላምታችሁን ለሚስቴ አደርሳለሁ» አላቸው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ገበያው ውስጥ ተሰወሩ። ወሬው ግን አልተሰወረም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ቆቦ ደግሞ እስከ መስከረም የምትታገሥ ከተማ አይደለችም።

እውነቱን ለመናገር ወሬው ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ለምለም በየሳምንቱ ወደ በላይነሽ ቤት ትሄድ ነበር፤ በላይነሽ ማለት ሁለት ጊዜ የሚወጣው ዳግም አረቄዋ እስከ ሮቢት የተመሰገነላት ሴት ናት። ለምለም ጀሪካኗን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ትገባለች፣ ደብቃ ትወጣለች። ያስጠረጠራትም መደበቋ ነው። በግልጽ ይዛው ብትሄድ ኖሮ ሰው ለመድኃኒት ይሆናል ብሎ ያልፋት ነበር። ይባስ ብሎ ዳግሙን ቤቷ ወስዳ ጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል በብርጭቆ ዕቃ እንደገና ታወጣዋለች፤ ኖራ ጨምራ የቀረውን ውሃ ለኖራው ታስጠጣለች፤ ከዚያም ደግማ ታወጣዋለች። ሽታው አጥሩን ዘሎ ጎረቤት ይገባል። እንግዲህ ጎረቤት ምን ይበል? መጠጣቱ ሳያንሳት ማውጣት ጀመረች አለ።

ለምለም ግን በሠርጓ ቀን እንኳ ጠጅ ያልቀመሰች ሴት ናት። እናቷ ወይዘሮ ክብረት በወጣትነቷ ከማይጨው ጨርቅ ጭና ቆቦ ገበያ መጥታ፣ ጨርቁም ተሸጦ እሷም በዚያው የቀረች ነጋዴ ናት። ልጇን በሱቅ ጠረጴዛ ሥር አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ለአስተማሪነት አበቃች። ለምለም ቆቦ ላይ ኬሚስትሪ ስታስተምር ብዙ ዓመት ሆኗታል። አግብታ ወልዳለች፤ ቤቷም ሞልቷል። የጎደለባት ነገር አለ ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም፣ እሷ ግን በየክረምቱ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሄዳ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ለምን ሲሏት፣ «ተማሪ የሚጠይቀኝን ሁሉ እኔም መጠየቅ አምሮኝ» ትላለች።

አረቄው የመጣው በዚህ ትምህርት ሰበብ ነው። ለምርምሯ ንጹህ አልኮል ያስፈልጋታል፤ ዩኒቨርሲቲው የሰጣትን ቶሎ ቶሎ ስትሞክር ራሷ ጨረሰችው። ያለ አልኮል ሥራው አይሆንም። በላይነሽ ደግሞ ቅርብ ናት።

የምትሠራው ነገር ስሙ ይከብዳል እንጂ ዕቃው ሩቅ አይደለም። ዚንክ ኦክሳይድ የሚባለው ነጭ ዱቄት ፋርማሲ ውስጥ ለሕፃናት ቆዳ በሚሸጠው ቅባት ውስጥ አለ። ኤሌክትሪክን በከፊል ከሚያሳልፉት፣ ከፊል አስተላላፊ ከሚባሉት ወገን ነው። ለምለም የዚንኩን ጨው በአልኮል አሟሟታ፣ ሌላ ፈሳሽ ጠብ ጠብ እያደረገች ስትጨምርበት፣ ዓይን ቀርቶ ተራ ማይክሮስኮፕ የማያያቸው ቅንጣቶች ይወለዳሉ። ፈሳሹ ሲያዩት ውሃ ነው። በጨለማ ውስጥ አልትራቫዮሌት መብራት ሲያበሩበት ግን ራሱ ቢጫ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ብርሃን ይሰጣል። መብራቱን ያገኘችው ከእናቷ ሱቅ ነው፤ ወይዘሮ ክብረት ሐሰተኛ ብር የምትለይበት ትንሽ መብራት ነበራት። ለምለም መጀመሪያ ቀን ብልቃጡ ሲበራ ስታይ ጓሮው ክፍል ውስጥ ብቻዋን እልል አለች። እናቷ ደንግጣ ስትገባ፣ «ምንም አይደለም እማዬ፣ በራ» አለቻት።

ችግሩ ብርሃኑ አለመቆየቱ ነበር። ይህን ለተማሪዎቿ ስታስረዳ የምታነሣው የማሽላ ክምር ነው። አውድማ ላይ ትልቅ ክምር ካለ ግሪሳ የሚለቅመው ከላይ ያለውን ነው፤ ውስጥ ያለው ፍሬ ወፍ መምጣቱንም አያውቅም። ያን ክምር ወደ እፍኝ አሳንሰው፤ አሁን ፍሬው ሁሉ ከሞላ ጎደል ላይኛው ፍሬ ነው፣ ሁሉም ለወፍ የተጋለጠ ነው። እነዚህ ቅንጣቶችም እንዲሁ ናቸው። ከማነሳቸው የተነሣ አብዛኛው አካላቸው ገጻቸው ነው። ገጹ ላይ ያሉት አተሞች በአንድ ወገን ጎረቤት የላቸውም፤ ብርሃኑን የሚሰጠውም የሚያጠፋውም ያ ጎዶሎ ቦታ ነው። እዚያ ቦታ ላይ የትኛው ሞለኪውል ተጣብቆ እንደተቀመጠ ያወቀ ሰው፣ ቅንጣቱ ደምቆ ያበራል ወይስ ደብዝዞ፣ ነገስ ያበራል ወይስ አያበራም ለሚለው ጥያቄ መልሱን በግማሽ አወቀ። የለምለም ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ጠባቂው ማን ይሁን?

የመጀመሪያዎቹ ብልቃጦቿ ጠባቂ አሲቴት የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ነበር። ብርሃኑን አይከልልም፤ ስለዚህ ብልቃጡ እንደ ጉድ ይደምቃል። ነገር ግን የያዘውን አጥብቆ አይይዝም። ሙቀት ሲነካው ይለቃል፣ ትንሽ ውሃ ሲመጣ ቦታውን ትቶ ይሄዳል፤ ቅንጣቶቹም እርስ በርስ ተጣብቀው ብርሃናቸው ይጠፋል። የቆቦ ሙቀት ደግሞ ሰውንም ይነካል። ለምለም ሁለት ጊዜ ብልቃጦቿን በጨርቅ ጠቅልላ፣ እቅፏ ላይ አድርጋ፣ በሚኒባስ በሮቢትና በጎብዬ በኩል ወልድያ ወሰደቻቸው። ሁለቱንም ጊዜ ቆቦ ላይ የበራው ወልድያ ላይ ድርግም አለ። የምርምሯ አማካሪ ዶክተር ፈሪሀ መብራቱን አብርታ፣ አጥፍታ፣ እንደገና አብርታ፣ «አየሽ ለምለም» አለቻት በሁለተኛው ጊዜ፣ «እኔ እንደምትሠሪው አውቃለሁ። የብርሃን መለኪያው ግን የሚያውቀው ያየውን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ደግመሽ ሞክሪ። እንቢ ካለ ሌላ ሰው የጀመረው የአፈር ምርመራ አለ፣ እሱን ትጨርሻለሽ።»

አፈር የተከበረ ነገር ነው፤ ለራያ ገበሬ ከአፈር በላይ ምን አለ? ለምለም ግን ያ የሌላ ሰው ጥያቄ ሆነባት። የራሷን ጥያቄ አስቀምጣ የሌላውን ተበድራ መመረቅ የጎረቤት ቀሚስ እንደ መልበስ ሆኖ ታያት። 

ዶክተር ፈሪሀ ስትሸኛት ኦሌይክ አሲድ ያለበት ጠርሙስና ቶሉይን የሚባል ቅባት የሚያሟሟ ፈሳሽ ሰጥታት ነበር። ኦሌይክ አሲድ ከዘይት የሚወጣ፣ ረጅም ቅባታም ጭራ ያለው ሞለኪውል ነው። ለምለም ቆቦ ተመልሳ ከብልቃጦቿ በአንዷ ብቻ ጨመረችው። ወዲያው ፈሳሹ እንደ ረጋ ወተት ነጭ ሆኖ ወደ ታች ሰፈረ። ልትደፋው ብልቃጧን አነሣች። ኋላ ግን ነገሩ ገባት፤ ቅቤ የተቀባ የራያ ልጃገረድ ጠጉር ውሃ አይቀበልም፣ ቅባት የለበሰ ቅንጣትም አልኮል ውስጥ ለመቆየት እንቢ ማለቱ ነው። አልኮሉን ቀድታ አውጥታ ቶሉይን ስታደርግበት መልሶ ጥርት አለ። ጨለማ ውስጥ በመብራት ስታየው በራ፣ ግን ደብዛዛ ነበር። ጭራው ጎዶሎውን ቦታ ሲሸፍን ከብርሃኑም ከፊሉን ወስዶታል።

እዚህ ላይ የለምለምን ድካም መደበቅ አያስፈልግም። ደማቁ አማራት። መደርደሪያው ላይ ደማቆቹን ፊት፣ ደብዛዛዋን ከኋላ አስቀመጠች። በዚህኛው ጊዜ ደማቆቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ሙቀት ሳይነሣ በመጀመሪያው መኪና ወስዳ በብርሃናቸው ዶክተር ፈሪሀን ልታስደንቅ አሰበች። ደብዛዛዋን የምትወስዳት ለይሉኝታ ነው።

የጉዞዋ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የነፍስ አባቷ መምሬ አብርሃም መጡ። ሳይላክባቸው መምጣታቸው ብቻ ነገር እንዳለው ለምለም አወቀች። ታረቀኝ ወንበር አቀረበ፣ ወይዘሮ ክብረት መስቀል ተሳለመች፣ ለምለም ደግሞ እጇ ላይ ያለውን የአልኮል ሽታ በቀሚሷ እየጠረገች ቀረበች። ባትጠርገው ይሻል ነበር፤ ጭራሽ ቤቱን ሞላው።

«ልጄ» አሉ መምሬ አብርሃም፣ «ሰው ያወራል። እኔ ግን ወሬ ይዤ አልመጣሁም፤ ጠበል ይዤ ነው የመጣሁ።»

«አባ፣ አረቄው እኮ ለትምህርቴ ነው።»

መምሬ አብርሃም የጠበሉን ዕቃ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «አንዱ ለሆዴ ነው ይለኛል፣ ሌላው ለብርድ። ለትምህርት ነው ያለኝ ሰው ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

ታረቀኝ ሳል ያዘው መስሎ ወደ ውጭ ወጣ። ለምለም ልታስረዳቸው ጀመረች፣ ግን በፍርሃት ስለ ቅንጣትና ስለ ገጽ ያለችው ሁሉ የሰካራም ወሬ መሰለ። መምሬ አብርሃም አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተነሡ፤ የጠበሉን ዕቃ ከፈቱ።

በዚያ አገር ጠበል ሲረጭ ቤት ያለው ነገር ሁሉ ይከፈታል። በር ይከፈታል፣ ሣጥን ይከፈታል፣ የእህሉ፣ የዱቄቱና የበርበሬው ዕቃ ክዳኑ ይነሣል፤ በረከት በክዳን ላይ አይቀርማ። ወይዘሮ ክብረት ከፊት ከፊት እየሄደች ትከፍታለች፣ መምሬ አብርሃም ጸሎት እየደገሙ ይረጫሉ። ሳሎኑ አለቀ፣ ማድ ቤቱ አለቀ። ከዚያ ወደ ጓሮው ክፍል ዞሩ።

ለምለም ቀድማ በሩ ላይ ቆመች። «እማዬ፣ ይሄኛው ይቅር» አለች በሹክሹክታ።

«እንዴት ይቅር ጓለይ፣ የኔ ልጅ? ነገሩ ያለውስ እዚህ አይደል?» አለችና እናቷ በጎኗ አልፋ ገባች። መደርደሪያው ላይ ያሉትን ብልቃጦች ክዳናቸውን አንድ በአንድ፣ ምንም ሳታፈስ፣ በሱቅ ሰው ጥንቃቄ እየፈታች አስቀመጠች። ደማቆቹን ከፈተች። ከኋላ ያለችውን ደብዛዛዋንም አልረሳቻትም።

ለምለም አፏን ከፍታ ቆመች። አንድ ቃል በቂ ነበር። ነገር ግን የነፍስ አባትን «ጠበሉን አይርጩብኝ» የሚል ቃል ቆቦ ላይ ተወልዶ ላደገ ሰው ከአፍ አይወጣም፤ በተለይ ትጠጣለች ተብሎ ለተወራበት ሰው። ያንን ቃል ብትናገር ደግሞ ለወሬው ማኅተም ይሆናል። መምሬ አብርሃም እጃቸው ለጋስ ነበር፤ መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር አረሰረሱት። ግንባሯንም ረጩአት። ጠብታው በአፍንጫዋ ላይ ሲወርድ አልጠረገችውም።

መምሬ ሄዱ። ለምለም እናቷን አልተቆጣችም፤ ጓሮው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ አለቀሰች እንጂ። የተናደደችው በራሷ ነው። አሳምራ የምታስረዳ አስተማሪ ሆና፣ ስትፈራ ምላሷ መታሰሩ አበሳጫት። የአፈሩ ምርመራ በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቃት መሰላት።

ታረቀኝ ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። «ለምዬ፣ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አላት።

«ድግሱማ ውሃ ገባበት» አለች።

ጠዋት መብራቱን ይዛ ገባች፣ በሩንም ዘጋች። ደማቆቹ ሁሉ ደፍርሰዋል። አንዳንዱ ጭል ጭል ይላል፣ ሌላው ጨርሶ ሞቷል። መብራቱን ከኋላ ወዳለችው ዘረጋች። ደብዛዛዋ ብልቃጥ እንደ ትናንቱ ነበረች። የጠበሉ ጠብታዎች በፈሳሹ ውስጥ ወርደው ከታች እንደ ዶቃ ተቀምጠዋል፤ አልተቀላቀሉም። በላያቸው ያው ቢጫ ብርሃን፣ አልጨመረ፣ አልቀነሰ። ለምለም ብዙ ተመለከተቻት። ትናንት ከኋላ ያስቀመጠቻት ይህችን ነው። አፈረች፣ ደግሞም ደስ አላት። ክዳኗን አጥብቃ፣ እርጥብ ጨርቁን ትታ፣ ብልቃጧን ከነዶቃዎቿ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ መኪና ተሳፈረች።

ወልድያ ላይ ዶክተር ፈሪሀ መጋረጃውን ጋርዳ መብራቱን አበራች። ብልቃጧ በራች። መለኪያው ውስጥም አስገቧት፤ መለኪያውም አየ። ዶክተር ፈሪሀ ብልቃጧን አውጥታ ወደ ዓይኗ አቀረበች።

«ከታች ያለው ምንድን ነው? ውሃ ነው እንዴ?»

«ውሃ ነው።»

«ውሃ ገብቶባት አድራ ነው የምታበራው? እንዴት አሰብሽው? ማን አስገባው?»

«የነፍስ አባቴ» አለች ለምለም።

ከዚያ ነገሩን ሁሉ ተረከችላት፤ በላይነሽን፣ ባጃጁን፣ እናቷ ክዳን ስትከፍት። በዚህኛው ጊዜ ምላሷ አልታሰረም። ዶክተር ፈሪሀ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ፣ «አልሐምዱ ሊላህ» አለች፤ «አሁን በተራ ውሃ ደግመሽ ሞክሪልኝ፤ የነፍስ አባትሽን ምርምር ውስጥ ማስገባት አንችልም።» ስለ አፈሩ ምርመራ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

ለምለም ያን በጋ በተራ ውሃ ደጋግማ ሞከረች። አሲቴት የለበሱት ሁልጊዜ ይደምቃሉ፣ ሁልጊዜም ይሞታሉ። ቅባት የለበሱት ይደበዝዛሉ፣ ይኖራሉም። የጭራውን ርዝመት፣ የልብሱን ስስነትና ውፍረት እየለዋወጠች፣ ብዙ ብርሃን ሳይወስድ የሚጠብቅ ልብስ መፈለግ ሥራዋ ሆነ። አሁንም ከበላይነሽ ዘንድ ዳግም ትወስዳለች፤ ጀሪካኑን ግን በግልጽ ነው የምትይዘው። በላይነሽም «የኔ አረቄ ዩኒቨርሲቲ ይገባል» እያለች ለደንበኞቿ መኩራራት ጀምራለች።

ከፋሲካ በኋላ መምሬ አብርሃም ደግመው መጡ። ለምለም ሳይጠይቋት ወደ ጓሮው ክፍል ወሰደቻቸው። ታረቀኝና ወይዘሮ ክብረትም ተከትለው ገቡ፤ በሩ ተዘጋ፣ ታረቀኝ መብራቱን አበራ። መምሬ አብርሃም በጨለማው ውስጥ ብልቃጧን ብዙ ተመለከቷት።

«ለትምህርት ነው ያልሽኝ ይህን ነው?»

«ይህን ነው አባ።»

«ያን ቀን ብዙ ነበሩ። ሌሎቹስ?»

ለምለም መዋሸት ትችል ነበር። «ሌሎቹን ውሃው አጠፋቸው» አለች። «ውሃ አይወዱም። ይህችኛዋ ልብስ ስላላት ተረፈች። እኔ ግን ንቄ ከኋላ ያስቀመጥኋት እሷን ነበር።»

ወይዘሮ ክብረት ጥፋቷ አሁን ገብቷት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«እና እየረጨሁ ሳለ ዝም አልሽኝ?» አሉ መምሬ አብርሃም።

«ምን ብዬ ልናገር አባ?»

«እውነትሽን ነው» አሉ ቀስ ብለው፤ «እኔም ብሆን አልናገርም ነበር። አምኜሽ ብሰማሽ ግን ይሻል ነበር፤ ይቅር በዪኝ ልጄ።» ከዚያ ጠበሉን አንሥተው ሳሎኑን ረጩ፣ ማድ ቤቱን ረጩ። ጓሮው ክፍል በር ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ሰበሰቡና ወይዘሮ ክብረትን፣ «ክብረት፣ እዚህ ያለውን ክደኚልኝ» አሏት።

ለምለም ግን ቀደመቻት። መደርደሪያው ላይ ያሉትን ሌሎቹን ብልቃጦች በጨርቅ ሸፈነች። ደብዛዛዋን አነሣች፣ ክዳኗን በገዛ እጇ ፈታች፣ ወደ መምሬ አብርሃምም ዘረጋቻት።

«ይህችን ይርጩልኝ አባ» አለች።

መምሬ አብርሃም መጀመሪያ ፊቷን አዩ። ከዚያ በጣታቸው ጫፍ ጥቂት ጠብታ ጣል አደረጉባት። ታረቀኝ በሩን መልሶ ዘጋና መብራቱን አቀረበ፤ አራቱም ጎንበስ ብለው ብርሃኑ ባለበት ሲቆይ አዩ።